የመረጥኩላቸው ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥን አውቃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም እጄን ጠምዝዞ ተናገሪ አላለኝም። በገዛ አፌ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ ነው ያልኩት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ያመለጠው ሳዑዲ፣ ቱቅባ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አምስት ሴቶች በሚኖሩበት አንድ ክፍል፣ ዓርብ ከሰዓት ላይ ነው። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

ያኔ ደማም፣ አል ጀለዊያ ውስጥ፣ በአንድ ማዳም ቤት መሥራት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን በር ያህላል። እሱን በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ፤ በደረቅ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳልጫን። ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት የመስታወት ማጽጃ ረጭቼበት ማዳም የጮኸችብኝን ጩኸት እስካሁን አልረሳሁትም። አናቱ ላይ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር አለች፤ ማዳም ትንሽ የተጠለፈች ጨርቅ አልብሳታለች። ጨርቋን አነሳለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ጨርቋን እመልሳለሁ። ለምን እንደምታገለግል ጠይቄ አላውቅም። የሰው ቤት ዕቃ ይወለወላል እንጂ አይጠየቅም።

የማዳም ትልቁ ልጅ ውጭ አገር ይማራል። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሁሉም ሳሎን ይሰበሰቡና ይደውሉለታል፤ ፊቱ ያን ሁሉ ግድግዳ ይሞላዋል። ጢሙ ሥር ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ትታያለች። ማዳም፣ እንዲያ ቆጣ ቆጣ የምትለው ሴትዮ፣ ከሶፋው ተነስታ ፊቱ አጠገብ ትቆምና "ከስተሃል፣ አትበላም እንዴ?" ትለዋለች። እኔ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ስለ ቴሌቪዥን የማውቀው ይኸው ነው፤ አቧራውንና የሐሙሱን ፊት። ሪሞቱን እንኳ ከመወልወል በቀር ተጭኜው አላውቅም ነበር።

ማዳም በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ኾበር ያለች እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ እኔን ቱቅባ ላይ ታወርደኛለች፤ ለመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መጥታ ትወስደኛለች። ቱቅባ ውስጥ ያለችኝ አንዲት የአገሬ ልጅ ናት። ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ባለች ከተማ የእናቶቻችን አጥር አንድ ነው። ታላቅ እህት ስለሌለኝ፣ በአምስት ዓመትም ስለምትበልጠኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም እላታለሁ። እኔ በኮንትራት፣ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። እሷ በየመን በኩል፣ በባሕር። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። በሰዓት እየተከፈላት የሰው ቤት ታጸዳለች፤ ወረቀት የሌለው ሰው እንደሚሄደው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ትሄዳለች።

አገሯን ካየች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ብትሄድ አትመለስም፤ ባትመለስ ደግሞ እቤት ያሉት የሚበሉት የላቸውም። ይህን ችላው ኖራለች። ያልቻለችው የእናቷን ዓይን ነው። እናቷን ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላቸው። ጠብታው ያለውን ያቆይ እንደሆን እንጂ የሄደውን አይመልስም፤ ያለውም ብዙ አይቆይም ብሎ ለታናሽ እህቷ ነግሯታል። ያቺ እህቷ ናት አብራቸው የምትኖረው፤ ጠብታውን የምትጨምረው፣ እጃቸውን ይዛ የምታወጣ የምታስገባቸው።

በስልክ ሲደዋወሉ አጠገቧ ሆኜ አይቻለሁ። እናትየው ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጉትና እኛ የሚታየን የግንባራቸው ቆዳ ብቻ ይሆናል። "ወደ ብርሃኑ ዙሪ እስቲ፣ አንቺ ነሽ ወይስ ግድግዳው?" ይሏታል። እታለም ትዞራለች፣ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፣ ሻሿን ታወልቃለች። "አሁንስ?" ትላለች። እሳቸው "ኧ፣ አሁን ደህና ነው" ይላሉ፤ እንዳላዩዋት ግን ከድምፃቸው ያስታውቃል። ስልኩ ሲዘጋ እታለም ዕቃ ልታጥብ ትነሳለች፤ የታጠበውን።

አንድ ዓርብ እንዲህ ሆና ስትነሳ ነው አፌ ያመለጠው። እኛ ቤት በቴሌቪዥን ነው የሚነጋገሩት፣ የሰውየው ፊት ትሪ፣ ምን ትሪ፣ ምጣድ ያህላል አልኩ። ዝም ብል ምን ነበረበት? ሴቶቹ ሁሉ ዞር አሉ። እታለም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ለእናቴስ እንዲህ ያለ ይገኛል ወይ አለችኝ። ምን ችግር አለው፣ ስማርት የሚባለውን መግዛት ነው እንጂ አልኳት። ማዳምሽ ትፈቅድልሻለች ወይ፣ ትከፍቺዋለሽ ብላ ጠየቀች አንዷ። እኔ ነኝ የምከፍትላቸው፣ እነሱ የት ያውቁታል አልኩ። ወላሂ እንዲህ ብያለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስልኬ አላረፈም። እታለም በየመንገዱ ያየችውን ቴሌቪዥን ከመስታወት ውጭ ሆና ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። ይሄስ? ይሄኛውስ? ርካሹ ምን ይጎድለዋል? ውድ ዕቃ የማትገዛ ሰው ናት፤ የምታጠራቅመው ለመድኃኒት ነው፣ ስለዚህ ከርካሾቹ ውስጥ ነበር የምንመርጠው። እኔም የምፈርደው ፍርድ! ይሄ እግሩ ቀጭን ነው፣ ይወድቃል። ይሄ ፊቱ ጭጋግ ይዞታል። ይሄ ጀርባው ወፍራም ነው፣ ያረጀ ሞዴል ነው። ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ በድምፅ መልእክት እንዲህ እያልኩ እልክላታለሁ። ክፍሏ ውስጥ ያሉት ሴቶችም ያዳምጡ ኖሯል። አንዷ ስለ ፍሪጅ፣ ሌላዋ ስለ ስልክ ትጠይቀኝ ጀመር። ባለሙያዋ ይሉኛል።

ደስ አለኝ። ልዋሽ አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ። በምሠራበት ቤት በስድስት ዓመት ውስጥ የጨው ነገር እንኳ አንድ ሰው አስተያየቴን ጠይቆኝ አያውቅም። ቱቅባ ስገባ ግን ቦታ ይለቀቅልኛል፣ ትራስ ይሰጠኛል፣ ባለሙያዋ መጣች ይባላል። ለዚያ ትራስ ብዬ ነው መሰለኝ ይህን ሁሉ ያደረግኩት።

ሊገዛ የታሰበበት ሳምንት ላይ ቱቅባ ውስጥ ተፍቲሽ በዛ፤ በየመንገዱ ወረቀት ይጠየቃል። እታለም ከሥራ በቀር ከቤት መውጣት ፈራች። ብሩን በሻሽ ጫፍ ቋጥራ ሰጠችኝና አንቺ ታውቂያለሽ፣ አንቺ የመረጥሽውን አለችኝ። ሌላ ምንም አላዘዘችኝም። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝና ዋናው ነገር ፊቴ እንዲታያት ነው፣ ሌላው ቢቀር ይቅር አለች። ኢቃማዬን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ብቻዬን ኾበር ሄድኩ።

ዕቃ መሸጫው ውስጥ ግድግዳው በሙሉ ቴሌቪዥን ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት በቀቀንና አንድ ዓይነት አበባ ያሳያሉ፤ ሁሉም ያምራሉ። የቱ ይሻላል ብዬ እንደምለይ እንጃ። ጥጉ ላይ ርካሾቹ ጋ ስቆም አንድ ጢሙ ሸበት ያለ ሕንዳዊ ሻጭ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ሳስበው አሁንም አፍራለሁ፣ ምክንያቱም የሰውየው ጥፋት አንድም አልነበረም። ለማን ነው፣ ለምን ነው አለኝ። አገር ቤት ላለች እናት ነው፣ ልጇን እንድታይበት ነው አልኩት፣ እያወራች፣ ፊቷን።

ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ርካሹን አናት በጣቱ መታ መታ አደረገና "ካሜራ ማፊ" አለኝ።

ካሜራ የለውም ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ስድስት ዓመት አረብኛ ስሰማ ኖሬ "ማፊ" እንዴት አይገባኝም! እዚያው ላይ ያቺ ጨርቅ የለበሰች ጥቁር ነገር ትዝ አለችኝ፤ ለካ ካሜራ ኖራለች። ሰውየው ግን አላቆመም። እንደ ዋጋው ከሆነ መጥፎ አይደለም አለ። ሲከፈት ይዘገያል፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ከጎን ሲያዩት ይጠቁራል፣ ግን ይሠራል። ፊት ለማየት ካሜራ የግድ አይደለም፤ ስልክ ካላቸው የስልኩን ምስል ወደ ቴሌቪዥኑ ማስተላለፍ ነው፣ ስልኩ ላይ ያለው ፊት እዚህ ትልቅ ሆኖ ይወጣል። ነይ ላሳይሽ፣ ሙሽኪላ የለውም፣ ችግር የለም ብሎ ሪሞቱን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ሪሞቱን ያዝኩ። ለመወልወል ስይዘው እንደማገላብጠው አገላበጥኩት። የትኛውን እንደምጫን አላወቅኩም። ኋላዬ ባልና ሚስት ተራ ይጠብቃሉ፤ ሴትዮዋ ታየኛለች። ዓባያዬን፣ የነጣውን ጫፏን፣ በረኪና የበላውን እጄን ታያለች መሰለኝ። ሻጩ ይቺን ተጫኚ ሲለኝ ሌላ ተጫንኩ፤ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ፈገግ አለ፣ በክፋት አይደለም፤ እንደገና ሊያሳየኝ እጁን ዘረጋ። እኔ ሪሞቱን መለስኩለትና "ኣርፍ፣ ኣርፍ" አልኩት፤ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ካርቶኑን ብቻ አውጣልኝ አልኩት። ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀና አወጣልኝ።

ቱቅባ ስደርስ ሴቶቹ ካርቶኑን ከበቡት። እታለም እንደ ሕፃን ልጅ በእጇ ዳሰሰችው፤ ልትከፍተው ግን አልደፈረችም፣ ለካርጎ እንዳይበላሽ። እንዴት ነው አለችኝ። አሁን እንኳ መናገር እችል ነበር። ሻጩ ያለኝን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብነግራት ይበቃ ነበር፤ ካሜራ የለውም፣ በስልኩ በኩል ነው፣ እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ተመልሰን እንጠይቅ። ይቺን "አላውቅም" ማለት አቃተኝ። አንደኛ ነው አልኳት። አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ አለችኝ። አሚን አልኩ።

ካርጎው ሁለት ወር ፈጀ። ደረሰ የተባለ ዓርብ ቱቅባ ነበርኩ። እናትየው ገላቸውን ታጥበው፣ ለዒድ የተላከላቸውን ቀሚስ ለብሰው፣ ጠብታቸውን አስጨምረው ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ገብቷል። ታናሽ እህቷ በስልክ ላይ ሆና፣ ተከፈተ፣ አሁን የት ነው የምንጫነው ትላለች። እታለም ወደ እኔ ዞረች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶችም ዞሩ። እኔ ኔትወርኩ ነው አልኩ፣ ትንሽ ይጠብቁ። ጠበቁ። እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሰላት ድረስ ጠበቁ። ቴሌቪዥኑ እዚያ ዝም ብሎ ዜና ያሳያል፤ ዜና አንባቢዋ ትናገራለች። በስልኩ ውስጥ የእናትየው ድምፅ ተሰማን፤ ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማቸው እንደሚፈሩ ሁሉ፣ ልጃቸውን ጠየቋት።

"ይቺ ናት?"

አይደለችም እማ አለች እህትየው። እታለም ስልኩን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ሊቀልብኝ ሲል እኔ ሌላ ስንቅ ጨመርኩበት። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አልኩ። ቀጥሎ መብራቱ ነው፣ ከፍ ዝቅ ሲል ይመታዋል አልኩ። እሱም ሲያልቅብኝ፣ አላህ አፉ ይበለኝ፣ እህቷን አነሳሁ። አዲስ ዕቃ ሲገባ የማይነኩትን መነካካት አለ፣ እህትሽ አንድ ነገር ነካክታ አበላሽታው ይሆናል አልኳት። ይሆናል ነበር ያልኩት። የሷ ጆሮ ግን ይሆናልን አልሰማም፤ አበላሽታዋለችን ሰማ። ወዲያው ደወለች። ዘጠኝ ዓመት የታፈነ ነገር ሁሉ ወጣ። እኔ እዚህ በባዕድ ቤት ሽንት ቤት እየፈገፈግኩ የላክሁትን አንቺ ተቀምጠሽ ታበላሺዋለሽ፣ ድሮም ቀናተኛ ነሽ፣ እናቴ እኔን እንዳታይ ነው አለቻት። እህትየው ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። ስልክ ያላት ያቺው እህቷ ናት፤ ስለዚህ እናትና ልጅም መተያየት ቀረ፤ ያ አፍንጫ ድረስ የሚጠጋው፣ ግንባር ብቻ የሚታይበት እንኳ ቀረ። ወሬ ሲያስፈልግ በጎረቤት ስልክ፣ በድምፅ ብቻ፣ ደህና ናቸው ደህና ነኝ ይባባላሉ። በየሁለት ሳምንቱ ስሄድ እታለም አሁንም ትራስ ታቀርብልኛለች፤ እኔም እቀመጥበታለሁ። ስለ እህቷ ክፉ ስትናገር አንድም ቀን ተይ አላልኳትም። ሻዬን እጠጣለሁ። የሰው ልጅ ምን ያህል ዓይኑን በጨው ሊያጥብ እንደሚችል በራሴ አየሁት።

አንድ ቀን ማዳም ወጥታ ቤቱ ባዶ መስሎኝ ሪሞቱን አነሳሁ። አንዱን እየተጫንኩ ሌላውን ስፈራ የማዳም ትንሿ ልጅ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። በቁሜ ደረቅኩ። ለማዳም ትናገርብኛለች ብዬ ልለምናት ስል ምን ፈልገሽ ነው አለችኝ። ስልኬ ውስጥ ያለ ሰው እዚህ ላይ እንዴት ይወጣል አልኳት። ሳቀች፣ ስልኬን ተቀበለችኝና አንድ ምልክት ነካች፣ ቀጥላ ሌላ። ኸላስ፣ አለቀ አለች። የእናቴ ፎቶ በዚያ ሁሉ ግድግዳ ላይ ወጣ። ሁለት ጊዜ መንካት ነበር። ለሁለት ጊዜ መንካት ብዬ ሁለት እህትማማቾች አጣልቼ አራት ወር አስቀመጥኩ።

ታዲያ ያን ቀን ምን አደረግኩ? እውነቱን ተናገርኩ? ምን ቆርጦኝ! ለእታለም ደወልኩና መላ አገኘሁለት አልኳት። አገኘሁለት! የደከምኩበት አስመስዬ። በጎረቤት በኩል እህትየዋ ተለመነች፤ ስለ እናቷ ስትል ስልኩን አነሳች። የሚነካውን ነገርኳት። በማግስቱ ዓርብ ከሰዓት፣ እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ የእታለም ፊት አገር ቤት ባለው ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ርካሽ ነው የተባለው ቴሌቪዥን አንድ ነገር አላጎደለም። እልልታው በስልኩ ውስጥ ተሰማን። አንዲት ጎረቤት፣ ማሻአላህ፣ ቅንድቧ ሳይቀር ይቆጠራል አለች። እታለም አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

እናትየው ግን የታለች አሉ። ይኸው እማ፣ ፊት ለፊትሽ አለች እህትየው። ግራ ቀኝ ዞሩ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ራቀና ቀረበ። አሁንም የታለች አሉ። ያኔ እህትየው ስልኩን ይዛ ወደ ውጭ ወጣችና ነገረችን። ብርሃናቸው ሙሉ በሙሉ ከሄደ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ለማን ልንገር፣ የምታናግረኝ የለችም አለች። እንደ ወቀሳ እንኳ አላለችውም።

እታለም ብዙ ሰዓት ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ልሄድ ስነሳ እጄን ያዘችኝ። እንዲህ አለችኝ፤ "አንቺ ባትኖሪ እኔ ይህንንም አላገኝም ነበር። ድካምሽን አላህ ይክፈልሽ።" አሚን ማለት አቃተኝ። የማዳም መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ ሮጬ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት እንጀራ እንደ አሸዋ ሆነብኝ። በሁለተኛው ዓርብ ቱቅባ ገብቼ ትራሱን ገፋ አድርጌ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሪሞት ይዤ እንደማላውቅ፣ ሻጩ ያለኝን፣ ኣርፍ ብዬ መውጣቴን፣ የእህቷን ነገር። አፉ በይኝ አልኳት። ትጮህብኛለች፣ ወይ ውጪልኝ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ አጣጥፋ ጨረሰች። አራቱ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተዋል። ከዚያ ስልኳን አነሳችና ደወለች፣ ወደ እኔም ዘረጋችው።

"ለእኔ አይደለም የምትነግሪው" አለችኝ። "ለእህቴ ንገሪያት።"

እህትየዋ ስታነሳ ከኋላዋ ቴሌቪዥኑ ይታያል። ስልክ በተደወለ ቁጥር ወደ ቴሌቪዥኑ ማስተላለፍ ለምዶባቸዋል፤ አንዱን ነካች፣ ሌላውን ነካች፣ እኔም ፊቴን እዚያ ላይ አየሁት። ጎረቤት ሴቶች ተቀምጠው ያዩኛል። ላቤ ሳይቀር ይታይ ይሆናል። ማምለጫ አልነበረኝም፤ ተናገርኩ። አንቺ ምንም አላበላሸሽም፣ እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ ነው፣ ሳውቅም የደበቅኩት እኔ ነኝ አልኳት። እህትየዋ ቴሌቪዥኑን አየችው እንጂ ስልኩን አላየችም፤ ትልቁን ፊቴን አየችው። ከዚያ ሻሿን አስተካከለችና እሺ አለች።

እናትየው ከጥግ ተናገሩ። "ያቺ የጎረቤት ልጅ ናት?"

"እኔ ነኝ እማማ። አፉ ይበሉኝ።"

"ይሁን ተይው። አሁን ልጄ አጠገብሽ አለች?"

"አለች እማማ።"

"ታይኛታለሽ?"

"አያታለሁ።"

"እስቲ ንገሪኝ። ምን መስላለች?"

ዞር ብዬ እታለምን አየኋት። በየሁለት ሳምንቱ አያታለሁ፣ እንዲያ ግን አይቻት አላውቅም። የፀጉሯ ጎንና ጎኑ ሸብቷል። ከላይ አንድ ጥርሷ የለም። ዓይኗ ሥር ያለው ቆዳ ሰርጉዷል፤ እጇ እንደ እኔ እጅ በረኪና በልቶት ነጥቷል። ራሷን በቀስታ ነቀነቀችብኝ፣ አትንገሪያት ማለቷ ነው። አፌ የለመደውን ሊያደርግ ነበር፤ አምራለች፣ ወፍራለች፣ አንደኛ ናት ልል ነበር። ከዚያ እህትየዋ ስልኩን ወደ እናትየው አዞረችና ፊታቸውን አየሁት፤ ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ አገጫቸውን።

"እርስዎን መስላለች እማማ" አልኩ። "ቁርጥ እርስዎን።"

እናትየው ሁለት እጃቸውን አነሱና የገዛ ፊታቸውን ዳሰሱ፤ ከግንባራቸው ጀምረው፣ ሽብሽቡን በጣታቸው እየተከተሉ፣ የጎደጎደ ጉንጫቸው ላይ ደረሱ፣ እዚያ ላይ ቆዩ።

"አርጅታለቻ፣ ልጄ" አሉ።

እታለም ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ፊቴም እዚያ ቴሌቪዥን ላይ፣ ሁሉ እያየው፣ እንደተገተረ ነበር።